የጤና ቁጥጥርና የሐዋሳ ምግብ ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ሊከፍት ያሰበውም በልቶ የታመመውም እኔን ነው የሚጠይቀው፤ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የምግብ ቤት ቁጥጥር የማን ሥራ ነው? የጤና፣ የንግድ ወይስ የግብርና?

የሦስቱም ነው። ግን የሚያዩት ነገር ይለያያል። ጓዳችሁን፣ ውሃችሁን፣ ሽንት ቤታችሁንና የሠራተኞቻችሁን ጤና የሚያየው የጤናው ሰው ነው። አሁን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይባላል። ቆየት ያሉ ባለ ሆቴሎች ግን ዛሬም "ሳኒታሪያን መጣ" ነው የሚሉት። ንግድ ፈቃዳችሁን፣ ዋጋችሁንና ሚዛናችሁን የሚያየው ደግሞ ንግድ ነው። በሬው ጤነኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቄራ ላይ የሚቆመው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እሱ ከጤና ሳይሆን ከግብርናው ወገን ነው።

ፋብሪካ የሚያመርተውና ከውጭ የሚገባው የታሸገ ምግብ ላይ ሲደርስ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመጣል። ስለ ምግብ ጤንነት በብዛት የሚጠቀሰው ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ጊዜው ያለፈበት ማዮኔዝ ፍሪጃችሁ ውስጥ ከተገኘ "እኔ አላመረትኩት" ማለት አያዋጣም። ደንበኛ ሳህን ላይ ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

የሚያዩኝ ከመክፈቴ በፊት ነው ወይስ ከከፈትኩ በኋላ?

በፊትም በኋላም። በፊት የሚያዩት ቤቱ ለምግብ ሥራ ይሆናል ወይ የሚለውን ነው፤ ለብቃት ማረጋገጫው። በኋላ ደግሞ በየጊዜው፣ ብዙ ጊዜም ሳይነግሩ ይመጣሉ። ለዓመት በዓል፣ ለሲዳማው ዘመን መለወጫ ለጫምባላላ፣ ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ መምጣታቸውን ጠብቁ።

ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ቤት ይከራያል፣ ጂፕሰም ያሠራል፣ መብራት ያንጠለጥላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያ የሚጠራው። አቶቴ አካባቢ የከፈተ አንድ ጓደኛዬ ሽንት ቤቱ በር የሚከፈተው ቀጥታ ወደ ማዕድ ቤቱ መሆኑን ያስተዋለው ሴራሚኩ ከደረቀ በኋላ ነው። ግድግዳ አፍርሶ በሌላ በኩል አስወጣ። የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ፦ ውሃ ከየት ይገባል፣ እጣቢው ወዴት ይሄዳል፣ ሽንት ቤቱ የት ነው። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፣ ፍሳሽ ግን አይዞርም።

ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

እኔ ሳሎኑ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥጥር የመጣብኝ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ ምሳ ሊጀመር ሲል። ፊት ለፊቱን አዲስ ቀለም አስቀብቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አድርጌ፣ እኔም ሸሚዝ ለብሼ ነበር። የመጣችው ባለሙያ ሰላም ብላኝ፣ ሳሎኑን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ አልፋ ሽንት ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፈተችው። "ሳሙናስ?" አለች። ሳሙናው ካዝና ውስጥ ነበር፤ ደንበኛ እየወሰደብኝ ደብቄው። ጻፈች።

ከዚያ ማዕድ ቤት ገባች። መክተፊያውን አንስታ ገለበጠችውና አሸተተችው። የፍሪጁን በር ከፍታ ዙሪያውን ያለችውን ጎማ በጣቷ ገለጥ አደረገች፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር እኔ ራሴ በዚያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ አንዷን ልጅ "ይሄ ጨርቅ ለምንድን ነው?" አለቻት። "ለጠረጴዛ።" "ለሳህንስ?" ልጅቷ ዝም። እኔም ዝም። ያው ጨርቅ ነበር።

እና መልሱ እሱ ነው፦ ውሃ፣ እጅ፣ ጨርቅ፣ መክተፊያ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ላይ ሰላጣ ይከተፋል ወይ? ጥሬው ከበሰለው በላይ ተቀምጦ ይንጠባጠባል ወይ? ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን አለው ወይ? አበባውን ማንም አላየልኝም።

ቧንቧ በሚጠፋበት ቀን ምን ልሁን?

ሮቶ ያስፈልጋችኋል፣ ይህ ክርክር የለውም። ግን ሮቶ ማስቀመጥ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ክዳኑ ይገጥማል? ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው? አንዴ የኔን ሳስከፍት ሥሩ ላይ እንደ ቡና አተላ የመሰለ ደለል ተኝቶ አገኘሁ፤ ለስንት ጊዜ ከዚያ ቀድተን ሰላጣ እንዳጠብን እግዜር ይወቀው። በጀሪካን የምትጠቀሙ ከሆነ አፈ ጠባቡን ውሰዱ። በርሜልም ቢሆን ቧንቧ አስገጥሙለት፣ በጣሳ እየተጠለቀ አይሁን። ጣሳውን የሚይዘው እጅ ነው ውሃውን የሚያበላሸው።

ደጋግሞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ "ሐዋሳ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ አይደርስም ይባላል፣ ታዲያ ማፍላቱ ይጠቅማል?" እውነት ነው፣ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ተህዋሲያኑን ለመግደል ግን ይበቃል። እየተንደቀደቀ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በራሱ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። አፍልቶ በቆሸሸ ጀሪካን መገልበጥ ድካም ብቻ ነው።

የዕቃ ማጠቢያው ለምን ሦስት ገንዳ ይሁን ይሉናል?

አንዱ በሳሙና ለማጠብ፣ አንዱ ለማለቅለቅ፣ አንዱ በበረኪና ለመንከር። ሲያዩት ቅንጦት ይመስላል። ግን በአንድ ገንዳ የሚታጠብ ዕቃ ምሳ ሰዓት ላይ በምን እንደሚታጠብ እናውቃለን፦ የመቶ ሰው ሽሮ በሟሟበት ውሃ። ሦስት ገንዳ ማሠራት ካቃታችሁ ቢያንስ ሦስት ሳፋ አሰልፉና ባለሙያው ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

በረኪናውን እንደ ወጥ ጨው በእጅ አትመጥኑት። 5 በመቶ የሚለው በረኪና ከሆነ ለ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። መጀመሪያ ዕቃው በሳሙና ይታጠብ፤ ቅባት ካለበት በረኪናው አይሠራም። ከነከራችሁት በኋላ በፎጣ አትጥረጉት፣ ተደፍቶ በነፋስ ይድረቅ። ያቺ ፎጣ ሥራውን ሁሉ መልሳ ታበላሸዋለች።

ሠራተኞቼ ሁሉ የጤና ምርመራ ካርድ አላቸው፤ አይበቃም?

ካርዱ ያስፈልጋል፣ ሲመጡም ይጠይቋችኋል። ግን ካርዱ የሚናገረው ሰውየው ስለተመረመረበት ቀን ነው። ሰኞ ሰገራው ንጹሕ የሆነ አብሳይ ሐሙስ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ታይፎይድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንዳንድ ሰው ድኖ፣ ወዝቶ፣ እየሳቀ እየሠራ ተህዋሱን በሐሞት ከረጢቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ ያስተላልፋል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከሽንት ቤት የሚመለሰው እጅ ላይ አተኩሩ።

ያስቀመጠው ሰው ተቅማጡ ከቆመ ከሁለት ቀን በኋላ ይመለስ። ጣቱ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍን፣ ከላይ ጓንት ያድርግ፣ ወይም ሌላ ሥራ ስጡት። እዚህ ላይ ባለቤቶች ትልቅ ስህተት እንሠራለን፦ የቀረበትን ቀን እንቆርጥበታለን። ቀኑን ከቆረጣችሁ ነገ ማንም "አሞኛል" አይላችሁም፣ ሆዱን ይዞ ሰላጣ ይከትፍላችኋል። የሁለት ቀን ደመወዝ ከአንድ የታመመ ጠረጴዛ ይረክሳል።

ሲጋራና ሺሻ የጤና ቁጥጥርን ምን አገባው?

ያው አዋጅ 1112 ስለሆነ። ቤት ውስጥ ያለ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ሁሉ ማጨስ ክልክል ነው። ምግብ ቤትም ቡና ቤትም ይገባበታል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ውስጥም አይፈቀድም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥም እዚያው ተከልክሏል። "ጥግ ላይ ነው የሚያጨሰው" የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ ጭሱ ጥግ አያውቅም።

ከትናንት የተረፈውን ወጥ አሙቄ ባቀርብ ችግር አለው? ሙቀት ሁሉንም ይገድላል አይደል?

አይገድልም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ችግሩ ያለው ማሞቁ ላይ ሳይሆን ማታ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከእሳት ወርዶ ተከድኖ ያድራል። መሃሉ እስከ ሌሊት ለብ ብሎ ይቆያል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ መራቢያ ነው፣ የተከደነ ድስት ደግሞ ምቹ አልጋ። አንዳንዶቹ እዚያ ውስጥ ሲራቡ መርዝ ያመነጫሉ። ጠዋት ስታፈሉት ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ሩዝና ፓስታ በዚህ ይታወቃሉ። በቆሰለ እጅ የተነካ ምግብም እንደዚያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው ግን ማታ ደክሟችሁ ስለምትሆኑ ይከብዳል። ወጡን ከትልቁ ድስት ወደ ሰፋፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ገልብጡት፤ ውፍረቱ ከአራት ጣት አይለፍ። ለብ ሲል፣ ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። ጠዋት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አውጥታችሁ እስኪንተከተክ አፍሉ። አንዴ ያሞቃችሁትን መልሳችሁ አታስገቡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የፍሪጁን በር አትክፈቱት፤ ካልተከፈተ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። "እስቲ ልየው፣ ቀዝቅዟል?" እያሉ በየአምስት ደቂቃው መክፈት ነው የሚጨርሰው።

ጥሬ ሥጋ ጎጂ ከሆነ ቁርጥ ቤት ለምን አይዘጋም?

ለምን ይዘጋል? ቁርጥ የተከለከለ ምግብ አይደለም። ቁጥጥሩ የሚያየው ሥጋው ከየት እንደመጣ ነው። ቄራ የታረደ በሬ ታይቶ ማህተም ይመታበታል። በየጓሮው የታረደ ግን የለበትም። የእንስሳት ሐኪሙ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡን እየሰነጠቀ የኮሶ እንቁላል የሚባለውን ነጭ ፍሬ ይፈልጋል። ብዙ ካለ ያገኘዋል። ጥቂት ከሆነ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ በሬውን ሁሉ እንደ ክትፎ ከትፎ አያየው። ስለዚህ ማህተም ያለው ሥጋም ቢሆን ኮሶ አይሰጥም ብሎ የሚምል የለም። አባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ ያለበት በሬ እንዳያልፍ ግን ያችን ማህተም የሚተካ ነገር የለም።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ አረቄ ኮሶን አይገድሉም። አረቄው የሚገድለው ጭንቀታችሁን ነው። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቆየት። የቀዘቀዘ ቁርጥ ደግሞ ማን ይበላል? እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ጥሬውን ትተወው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ክትፎም ለብለቡን ሳይሆን የበሰለውን።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ጥሬ ዓሳ በዳጣ መብላትስ?

የሐዋሳ ልጅ ይህን ሲጠየቅ ያኮርፋል፤ እኔም ትንሽ አኩርፌ ልመልስ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) እያያችሁ መምረጥ፣ ልጁ በሁለት ምት ቆዳውን ገፎ ሲሰጣችሁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው አንጀቱን ሲጠብቁ ማየት፣ ይህ ነገር ሌላ ቦታ የለም። ግን ዳጣና ሎሚ ዓሳ አያበስሉም። የሐይቁ ዓሳ ውስጥ ጥገኛ ትሎች መኖራቸው የታወቀ ነው። እነሱን የሚገድለው ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ነው።

ከትሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጣውላውና ውሃው ነው። ዓሳው ትኩስ ነው፤ የተገፈፈበት ጣውላ በምን ታጠበ? ቢላዋው የተለቀለቀው በዚያው ዳር በተቀዳ ውሃ አይደለም? ሰው የረገጠው፣ ልብስ የታጠበበት፣ የዓሳ አንጀት የተጣለበት ዳር ነው እኮ። ለምግብ ቤታችሁ ስትገዙ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ስትጫኑት የሚመለስ ይሁን። በረዶ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጉላሽ ሥሩት፣ ጥበሱት፣ ሾርባ አድርጉት። ጥሬ ከደንበኛ ጠረጴዛ ላይ ካወጣችሁት ኃላፊነቱም ከናንተ ጋር ይመጣል።

ጁስ ቤት እሳት የለውም፤ ታዲያ ምን ይቆጣጠራሉ?

እሳት የሌለው ስለሆነ ነዋ። ወጥ ቢያንስ ይፈላል። ስፕሪስ ግን ከልጣጭ ወደ ብርጭቆ ነው የሚሄደው። አቮካዶውና ማንጎው ከመላጣቸው በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ ቢላዋው ከልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። በረዶ ካልፈላ ቧንቧ ውሃ ከተሠራ ያው ውሃ ነው፣ መቀዝቀዙ አያጠራውም። ማሽኑን ደግሞ ፈትታችሁ እጠቡ። ቢላዋው ሥር ያለችውን ጎማ አንዴ አውጥታችሁ አሽቷት፣ ሌላ ምክር አያስፈልጋችሁም።

በልቼ ታመምኩ። የበላሁበትን ቤት እንዴት ልክሰስ?

መጀመሪያ ታከሙ። ተቅማጡ ብዙ ከሆነ ኦአርኤስ ጠጡ፤ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ሕፃን ከሆነ ጤና ጣቢያ ነው፣ ነገ አይባልም።

አሁን ወደ ክሱ። ሰው ሁሌ የሚወነጅለው መጨረሻ የበላበትን ቤት ነው። እኔም በዚህ ተወንጅያለሁ፣ ሰውየው በኋላ ይቅርታ ጠይቆኛል። ከበላችሁ በአንድና በስድስት ሰዓት መሃል ካስመለሳችሁ አዎ፣ የምሳው መርዝ ሊሆን ይችላል። ሳልሞኔላ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል። ታይፎይድ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ወር ገደማ። ስለዚህ ዛሬ ታይፎይድ ተባልኩ ብላችሁ የትናንቱን በያይነቱ አትውቀሱት። የሦስት ቀን የበላችሁትን ጻፉ፣ አብሯችሁ የበላው ታሟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከታመመ ነገሩ ከበድ ያለ ነው። የክፍለ ከተማችሁን ጤና ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ የታሸገ ምርት ከሆነ ማሸጊያውን ሳትጥሉ በባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውሉ። ቤቱን ፌስቡክ ላይ ማውጣት ያረካል፣ ግን ድስቱን ሄዶ የሚያይ ሰው አይልክም።

ቤቴ ቢታሸግብኝስ?

እሽጉን እንዳትነኩት። መስበሩ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ከጉድለቱ የባሰ ጣጣ ያመጣባችኋል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ አንድ በአንድ አስተካክሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ እንዲያዩላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከማሸግ በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ የረሳችሁት እናንተ ናችሁ። ውሳኔው ልክ አይደለም ካላችሁ በላያቸው ላለው ኃላፊ ቅሬታ አቅርቡ። መጮህ አልሠራልኝም፣ ሞክሬዋለሁ።

ተቆጣጣሪው "ለሻይ" ቢለኝ ምን ላድርግ?

መታወቂያ ጠይቁ፣ ከመጀመሪያው። በሥርዓት የመጣ ሰው አይከፋውም። የሚያየውን እየሞላ የሚሄድበት ቅጽ አለ፤ አንድ ኮፒ ይተውላችሁ፣ ስሙና ፊርማው ይኑርበት። በቃል ብቻ የሚያስፈራራ፣ ምንም የማይጽፍ ሰው ከመጣ ያኔ ተጠንቀቁ። አንዴ ከከፈላችሁ በየወሩ ሻይ ይጠማዋል፤ ጉድለታችሁም እንዳለ ይቀመጣል። የከፈለ ሰውም በሕግ ንጹሕ አይደለም። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይም ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና አመልክቱ።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ሻዩን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው እኛ ነን። ያቺ መክተፊያ ያሸተተችውን ባለሙያ እኔም "ምሳ ሳትበዪማ አትሄጂም" ብዬ ይዣት ነበር። ሳቀች። "ጨርቁን ቀይሩና ሌላ ቀን ከፍዬ እበላለሁ" አለችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ዘመዷ ጋር መጥታ ዓሳ ጉላሽ አዘዘች። ከመቀመጧ በፊት ግን ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ስትከፍት ሰማኋት።